የወርቁ ከተማና የማዕድን ትምህርት ቤቱ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ከምን ይወለዳል? ቢሉን፣ አንዱ ከገዳም፣ ሌላው ከንጉሥ ዐዋጅ፣ ሌላው ደግሞ ከባለጸጋ ስጦታ እያልን ብዙ ምሳሌ መቍጠር እንችላለን። ከማዕድን ጕድጓድ የተወለደም አለ። በደቡብ አፍሪካ በጆሐንስበርግ ከተማ የሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በአህጉራችን ስማቸው ከሚጠራው ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ግን ለማዕድን ኩባንያዎች ሙያተኛ ማሠልጠን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያ የማዕድን ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ተወለደና እንዳደገ፣ በተለይም በሩን ለማን ከፍቶ ለማን እንደ ዘጋ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ታሪኩን የመረጥነው፣ ወርቁን የሚያወጣው ሰውና የማውጣቱን ዕውቀት የሚማረው ሰው ሲለያዩ ምን እንደሚከተል ከዚህ ይልቅ በግልጥ የሚያሳይ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩. ወርቁ

በ1886 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጆርጅ ሃሪሰን የሚባል ወርቅ ፈላጊ፣ ላንግላግቴ በተባለ የእርሻ መሬት ላይ ወርቅ ያዘለ የድንጋይ ንጣፍ አገኘ። አገሩ በዚያን ጊዜ የሆላንድ ዘር የሆኑት ቦኤሮች የሚገዙት የትራንስቫል ሪፑብሊክ ነበር። ስፍራው ዊትዋተርስራንድ ይባላል፤ ትርጓሜውም የነጭ ውሃዎች ተረተር ማለት ነው። ሃሪሰን የደረሰውን የቍፋሮ ድርሻ በ10 ፓውንድ ሸጦ ሄደ ይባላል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር መሬቱ ለቍፋሮ በዐዋጅ ተከፈተ፤ ከዐዋጁም ጋራ ድንኳንና የቆርቆሮ ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1896 በተደረገው ቈጠራ፣ ትናንት ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ ወደ 102 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበረው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። በካሊፎርኒያም ሆነ በአውስትራሊያ የወርቅ ግርግር ሲነሣ፣ መጀመሪያ የተገኘው በወንዝ ደለል ውስጥ ያለ ወርቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ወርቅ አካፋና ገበታ የያዘ አንድ ብቸኛ ሰው አሸዋ እያጠበ ሊለቅመው ይችላል። ዕድለኛ ከሆነ ባለጸጋ ይሆናል፤ ዕድል ከከዳው ባዶ እጁን ይመለሳል። ለዚህ ትምህርት ቤት አያስፈልግም።

የዊትዋተርስራንድ ወርቅ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ወርቁ የሚገኘው ጥንት በውሃ የተከማቸ ጠጠር እንደ ዳቦ ተጋግሮ በጠነከረ ዐለት ውስጥ ነው። ቦኤሮች ይህን ድንጋይ «ባንኬት» አሉት፤ በለውዝ የሚሠራ የጣፋጭ ምግባቸው ስም ነው፤ ጠጠሮቹ በዐለቱ ውስጥ ለውዝ መስለው ስለሚታዩ ነው። ወርቁ በዐይን የማይታይ ደቂቅ ነው፤ ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ንጣፉ ደግሞ ከላይ ትንሽ ብቅ ይልና ወደ ደቡብ እያዘነበለ ወደ ምድር ሆድ ይገባል። ስለዚህ የአሸዋ ገበታ የያዘው ሰው በዚህ አገር ምንም አይፈይድም። ጥልቅ ጕድጓድ፣ ድማሚት፣ ድንጋይ የሚወቅጥ መኪና፣ ውሃ የሚስብ ፓምፕ፣ ከሁሉም በላይ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጕልበት ያስፈልጋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብቸኛው ቈፋሪ ጠፋ፤ በቦታውም ኩባንያ ተተካ።

፪. ዕውቀት የጠየቀ ድንጋይ

መጀመሪያ ላይ ድንጋዩ ተወቅጦ ዱቄቱ በባዜቃ በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በውሃ ይፈስ ነበር። ባዜቃ ወርቅን የመያዝ ጠባይ ስላለው ወርቁ ከሰሌዳው ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በእሳት ይለያል። ይህ ዘዴ ለላይኛው፣ አየርና ዝናብ ለበላው ድንጋይ ይበጅ ነበር። ጕድጓዱ ጠለቅ ሲል ግን የተገኘው ድንጋይ የብረትና የድኝ ውሁድ የበዛበት ሆነ፤ ባዜቃውም ወርቁን በሚገባ መያዝ አቃተው። ይህ ወሬ በ1889 እና በ1890 በተሰማ ጊዜ የኩባንያዎቹ አክሲዮን ዋጋ ወደቀ፤ ብዙ ሰውም ከተማውን ጥሎ ሄደ። ጆሐንስበርግ በተወለደች በአራተኛው ዓመት ልትሞት ምንም አልቀራት።

ያዳናት ኬሚስትሪ ነው። በ1887 በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ጆን ማክአርተር የሚባል ኬሚስትና ፎረስት የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች፣ ወርቅ በቀጭን የሲያናይድ ውሁድ ውስጥ እንደሚሟሟ ዐውቀው ዘዴውን በስማቸው አስመዝግበው ነበር። በ1890 ይኸው ዘዴ በዊትዋተርስራንድ ተሞከረ። የተወቀጠው ድንጋይ በትልቅ ጋን ውስጥ ሆኖ የሲያናይዱ ውሃ ያልፍበታል፤ ወርቁ ከውሃው ጋራ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ውሃው በዚንክ ፍቅፋቂ ላይ ሲያልፍ ወርቁ ተመልሶ ይረጋል። በዚህ ዘዴ በድንጋዩ ውስጥ ካለው ወርቅ ከ90 በመቶ በላይ ማውጣት ተቻለ። በ1898 ትራንስቫል ከዓለም የወርቅ ምርት ከሩብ በላይ የሚሆነውን ታወጣ ነበር።

እንግዲህ የማዕድን ትምህርት ቤት አስፈላጊነት ከዚህ ይጀምራል። ከአንድ ቶን ድንጋይ ጥቂት ግራም በሚገኝበት አገር፣ የአንድ ግራም ስሕተት ኩባንያውን ከትርፍ ወደ ኪሳራ ይለውጠዋል። የድንጋዩን የወርቅ ልክ የሚመረምር፣ ከምድር በታች የሚቀይስ፣ የጕድጓዱን ጣሪያ መሸከም የሚያሰላ፣ አየር የሚያስገባ፣ የኬሚካሉን መጠን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን በብዙ ደመወዝ ይመጣ ነበር። አገሩ ውስጥ ማስተማር ርካሽ እንደሚሆን ለመረዳት ትልቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

፫. ትምህርት ቤቱ

ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያ የተቋቋመው በወርቁ ከተማ ሳይሆን በአልማዙ ከተማ በኪምበርሌይ ነው፤ ጊዜውም 1896 ነው። ተማሪዎቹ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሒሳብና ሳይንስ በኬፕ ቅኝ ግዛት ኮሌጆች ተምረው፣ ከዚያ ለሙያው ትምህርት ወደ ማዕድኑ ስፍራ ይሄዱ ነበር። ከ1899 እስከ 1902 እንግሊዞችና ቦኤሮች ተዋጉ። በጦርነቱም ትራንስቫልና ወርቁ በእንግሊዝ እጅ ገቡ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1904፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ጆሐንስበርግ ተዛወረና የትራንስቫል የቴክኒክ ተቋም ተባለ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1906 የትራንስቫል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ። በ1908 በፕሪቶሪያ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ያ ቅርንጫፍ ኋላ ራሱን ችሎ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቅቷል። ሁለቱ ሲለያዩ በ1910 የጆሐንስበርጉ «የደቡብ አፍሪካ የማዕድንና የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት» ተባለ። በ1920 የጆሐንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በማርች 1 ቀን 1922 ደግሞ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያን ጊዜ 6 ፋኩልቲዎች፣ 73 መምህራንና ወደ 1,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሩት። ከጕድጓድ የተነሣው ትምህርት በ26 ዓመት ውስጥ ሕክምናን፣ ሕግንና ሥነ ጽሑፍን ጨምሮ ቆመ።

ስሙ ሲለዋወጥ ያልተለወጠ አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የተማሪው ቀለም ነው። ይህን ለመረዳት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥተን ወደ ጕድጓዱ መውረድ አለብን።

፬. የምስክር ወረቀት

በማዕድን ሥራ እጅግ አደገኛው ነገር ማፈንዳት ነው። ስለዚህ ድማሚት የሚያቀጣጥል ሰው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ይያዝ ማለት ማንም የማይነቅፈው ሕግ ነው። ነገር ግን በ1893 የትራንስቫል መንግሥት ባወጣው ሕግ፣ ጥቁር ወይም ሌላ ነጭ ያልሆነ ሰው የማፈንዳት ሥራ እንዳይሠራ ተከለከለ። ለደኅንነት የተባለው ወረቀት የዘር አጥር ሆነ ማለት ነው።

እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ አጥሩን አላፈረሱትም። ትምህርት ቤቱ ወደ ጆሐንስበርግ በተዛወረበት በዚያው በ1904፣ የሠራተኛ እጥረት ስላጋጠማቸው ከቻይና በውል የታሰሩ ሠራተኞች እንዲመጡ ፈቀዱ፤ እስከ 1910 ድረስም ከ63 ሺህ በላይ ቻይናውያን በዚያ ሠርተዋል። በፈቀደው ዐዋጅ ላይ ቻይናውያኑ የማይሠሯቸው ሙያዎች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ነበር። ከተማው በአንድ ዓመት ውስጥ ሙያ የሚያስተምር ተቋም ከፈተ፤ ሙያ የሚከለክል ዝርዝርም አወጣ።

ደቡብ አፍሪካ በ1910 አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላ፣ በ1911 የማዕድንና የሥራዎች ሕግ የሚባል ወጣ። በዚህ ሕግ ሥር በወጣው ደንብ ማፈንዳትን፣ ሠራተኛና ድንጋይ የሚያወጣውንና የሚያወርደውን መኪና መንዳትን፣ የፈረቃ አለቅነትንና የመሳሰለውን ሁሉ ለመሥራት የሚያስፈልገው የችሎታ ምስክር ወረቀት በትራንስቫልና በኦሬንጅ ፍሪ ስቴት ለጥቁር እንዳይሰጥ ተደረገ።

ይህ በሥራ ላይ ምን ይመስል እንደ ነበር እናስብ። ጥቁሩ ሠራተኛ ከጕድጓዱ በታች ጎንበስ ብሎ ዐለቱን ይሰረስራል፤ የፈረሰውን ድንጋይ ዝቆ በጋሪ ይጭናል፤ ጣሪያውን በእንጨት ይደግፋል። ዐሥር ወይም ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ዐለቱ ሊናድ ሲል በድምፁ ይለየዋል፤ ቀዳዳው በየት በኩል ቢሰረሰር ድንጋዩ በደንብ እንደሚፈርስ ያውቃል። ትናንት ከውጭ የመጣው ነጭ ሥራውን የሚማረው ብዙ ጊዜ ከእርሱ ነበር። ሲማር ከረመና ተፈትኖ ወረቀቱን ይይዛል፤ ያስተማረው ሰው አለቃም ይሆናል። ያስተማረው ግን መፈተን እንኳ አይፈቀድለትም። ዕውቀቱ በአንዱ ራስ ውስጥ፣ ወረቀቱ በሌላው ኪስ ውስጥ ተቀመጠ።

ደመወዙም የሄደው ወረቀቱን ተከትሎ ነው። ፍራንሲስ ዊልሰን የተባሉት የደቡብ አፍሪካ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እንዳሰሉት፣ በ1911 በወርቅ ማዕድን የሚሠራ ነጭ ከጥቁሩ ወደ 12 እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ በ1969 ደግሞ 20 እጥፍ ደረሰ። በነዚያ 58 ዓመታት ውስጥ የኑሮው ውድነት ታስቦ ሲታይ የጥቁሩ ደመወዝ ምንም ያህል ከፍ አላለም። እንዲያውም ዝቅ ሳይል አልቀረም። ትርፉ ከዚህ ላይ አቧራው ነው። ዐለቱ ሲሰረሰር የሚነሣው ደቂቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ነጩ ሠራተኛ ሲታመም በሕግ የተወሰነ ካሳ ያገኝ ነበር፤ ለጥቁሩ የሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ብዙው ሰውም ወደ አገሩ ተልኮ በዚያ ይሞት ነበር። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረታችን በዚያ አገር ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የዕለት ኑሮ ነበር።

፭. የ1922 ዓ.ም. ማርች

የዩኒቨርሲቲው የልደት ወር ለከተማው የደም ወር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወርቅ ዋጋ እየወረደ ሲሄድ፣ የማዕድን ባለቤቶች በአንዳንድ መካከለኛ ሙያ ላይ ነጩን አሰናብተው ርካሹን ጥቁር ሊያስገቡ ዐሰቡ። ይህን ያሰቡት ለጥቁሩ አዝነው አልነበረም፤ ሒሳባቸውን አይተው ነው። ነጮቹ የወርቅ ሠራተኞች በጃንዋሪ 1922 ሥራ አቆሙ። በማርች ወር አድማው ወደ ትጥቅ ዐመፅ ተለወጠ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የያን ስመትስ መንግሥት መድፍና አውሮፕላን አምጥቶ መታቸው፤ ከ150 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ከሞቱት ውስጥ በጠቡ ውስጥ ያልነበሩ፣ በአድመኞቹ የተገደሉ ጥቁሮችም ነበሩ።

ስለ ሠራተኛ መደብ አንድነት ብዙ እናወራለንና ይህን ታሪክ ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። እነዚህ አድመኞች በእውነት ተበድለው ነበር፤ የታገሉለት አንዱ ነገር ግን የሌላው ሠራተኛ በር እንደ ተዘጋ እንዲኖር ነበር። በጦር ሜዳ ተሸነፉ፤ በምርጫ ሣጥን ግን ረቱ። በ1923 አንድ ፍርድ ቤት የቀለም ልዩነት ያለበት የማዕድን ደንብ ሕጉ ከሚፈቅደው ያለፈ ነው ብሎ ሽሮት ነበር። በ1924 አዲስ መንግሥት ሥልጣን ያዘና፣ በ1926 ፓርላማው ሕጉን አሻሽሎ ልዩነቱን በግልጥ አጸደቀው። ይህ ሕግ በሕዝብ ዘንድ «የቀለም አጥር ሕግ» ተብሎ ይታወቃል።

፮. በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ

በ1919 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ የማዕድን ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ኃላፊ የሆኑት ያን ሆፍሜይር፣ ሥራ ሲጀምሩ ባደረጉት ንግግር ዩኒቨርሲቲ በመደብ፣ በሀብት፣ በዘርና በሃይማኖት ልዩነት ማድረግ እንደሌለበት ተናግረው ነበር። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ንግግሩ በተሰማበት ከተማ ጥቁሩ የማዕድን ሠራተኛ የሚኖረው በአጥር በተከበበ የኩባንያ ሰፈር ነበር።

ቃሉ ፈጽሞ ከንቱ አልቀረም። ከጊዜ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ጥቂት ጥቁር ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሕክምና ትምህርት ቤቱም ገቡ። በ1943 ኔልሰን ማንዴላ በሕግ ፋኩልቲ ተመዘገበ፤ በፋኩልቲው ብቸኛው አፍሪካዊ እርሱ ነበር። በክፍል ውስጥ አብሮ መቀመጥ ተፈቀደ፤ የስፖርቱ ሜዳ፣ የመዋኛው ገንዳና የዳንሱ አዳራሽ ግን ለነጭ ብቻ ነበሩ። ማንዴላ በዚያ ዲግሪውን ሳይይዝ ወጣ፤ በዚያ ግቢ ያገኛቸው የሐሳብ ባልንጀሮቹ ግን እስከ መጨረሻው አብረውት ዘለቁ። በ1962 ወደ እኛ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ነጻነት ጉባኤ ላይ እንደ ተናገረና ኋላም በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና እንደ ተቀበለ ብዙዎቻችን እናውቃለን።

ከማንዴላ ይልቅ የማዕድኑን ነገር በግልጥ የሚያሳየን ግን ኤድዋርዶ ሞንድላኔ ነው። ሞንድላኔ የተወለደው በሞዛምቢክ በጋዛ አውራጃ ነው። ደቡብ ሞዛምቢክ ለጆሐንስበርግ ጕድጓዶች ብዙ ጕልበት ያቀረበ አገር ነው፤ በ1900 የተቋቋመው የማዕድን ኩባንያዎች የሠራተኛ መመልመያ ማኅበር በየመንደሩ ሰው ይሰበስብ ነበር፤ የፖርቱጋል መንግሥትም ከዚህ ንግድ ድርሻውን በውል ይቀበል ነበር። ሞንድላኔ ወደ ጆሐንስበርግ የሄደው ግን ሊቈፍር ሳይሆን ሊማር ነው፤ በ1948 በዩኒቨርሲቲው ገባ። በዚያው ዓመት የአፓርታይድን መርሕ ይዞ የተመረጠው የብሔራዊ ፓርቲ መንግሥት በ1949 የመኖሪያ ፈቃዱን ከልክሎ አስወጣው። የአካባቢው ወጣት አካፋ ይዞ ሲመጣ ባቡር ይላክለት ነበር፤ ደብተር ይዞ ሲመጣ ግን ተባረረ። ሞንድላኔ በ1962 የፍሬሊሞ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1969 በዳሬሰላም በቦምብ ተገደለ።

በሌላ በኩል ጕድጓዱም ዝም አላለም። በኦገስት 1946 በጄ. ቢ. ማርክስ የሚመራው የአፍሪካውያን የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አድማ ጠርቶ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ሥራ አቆመ። ፖሊስ በኃይል በተነው፤ ቢያንስ 9 ሰዎች ሞቱ።

በ1959 ፓርላማው «የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማስፋፊያ» የሚል ስም ያለው ሕግ አወጣ። ስሙ ማስፋፊያ ይሁን እንጂ ሥራው ማጥበብ ነበር። ጥቁር ተማሪ ያለ ሚኒስትር ፈቃድ ቀድሞ ክፍት በነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች እንዳይመዘገብ ከለከለ፤ በየነገዱ የተከፋፈሉ ኮሌጆችም ተቋቋሙ። እነዚያ ኮሌጆች ሲከፈቱ ምሕንድስና አያስተምሩም ነበር። የዊትዋተርስራንድ መምህራንና ተማሪዎች ሕጉ ገና ሲረቀቅ በ1957 በከተማው ጎዳና ሰልፍ ወጥተው ተቃውመዋል፤ በኤፕሪል 1959 ደግሞ በአንድ ትልቅ ስብሰባ የትምህርት ነጻነት እስኪመለስ ድረስ ዓላማውን እንደማይተዉ ቃል ገብተዋል። ሮበርት ሶቡክዌ በዚያን ጊዜ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቋንቋ ያስተምር ነበር፤ በማርች 1960 የይለፍ ወረቀቱን ሕግ በመቃወም ትግሉን ሲመራ ሥራውን ለቆ ወጣና ታሰረ።

ዩኒቨርሲቲው በክፍል ውስጥ ላለው ነጻነት መከራከሩ የሚያስመሰግነው ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሕጉ ባይወጣም ኖሮ፣ አንድ ጥቁር ወጣት የማዕድን ምሕንድስና ተምሮ ቢመረቅ፣ የማዕድን ሥራ አስኪያጅነቱን የምስክር ወረቀት ማን ይሰጠው ነበር? በሕጉ መሠረት ማንም። በመማሪያው በርና በሥራው በር ላይ ሁለት ቍልፍ ነበርና፣ አንዱን ብቻ መክፈት አልበቃም።

፯. አጥሩ ሲወድቅና ከወደቀ በኋላ

ሁለተኛውን ቍልፍ የከፈቱት ወርቅ ቈፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ብንል አንሳሳትም። በ1970 ደቡብ አፍሪካ 1,000 ቶን ወርቅ አውጥታ ነበር፤ ኩባንያዎቹም የሠለጠነ ሰው እጥረት እየጠናባቸው ሄደ። በ1982 ብሔራዊው የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ ዋና ጸሐፊውም ሲሪል ራማፎሳ ነበር። በኦገስት 1987 ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ለሦስት ሳምንት ሥራ አቆመ። በዚያው ዓመት የማዕድኑ ሕግ ተሻሻለና የምስክር ወረቀቱ የቀለም ልዩነት ተሰረዘ። በ1893 የተጀመረው አጥር 94 ዓመት ቆሞ ወደቀ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1994 አፓርታይድ ራሱ አበቃ።

ዛሬ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ምሕንድስና ከሚማሩት ተማሪዎች መካከል ጥቁሮችም ሴቶችም በብዛት አሉ። ወርቁ ግን እያለቀ ነው። የዛሬው የአገሪቱ ምርት ከ1970ው አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ጕድጓድም ወደ 4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ደርሷል። የ1886ቱ ወርቅ ከተማውን ሠርቶ ሲያልፍ፣ ትምህርት ቤቱ ቀርቷል። ከወርቅ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ዕውቀት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አዳዲስ በሮች ግን ተዘግተው ይታያሉ። በኦክቶበር 2015 በመላው ደቡብ አፍሪካ የተዛመተው የተማሪዎች የክፍያ ተቃውሞ የተነሣው ከዚሁ ግቢ ነው፤ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲው ለሚቀጥለው ዓመት ክፍያውን በ10.5 በመቶ ከፍ ሊያደርግ መወሰኑ ነበር። ቀለም የዘጋውን በር ገንዘብ እንዳይዘጋው ተማሪዎቹ ሰጉ። በ2019 ደግሞ የጆሐንስበርግ ፍርድ ቤት በሲሊኮሲስ ለታመሙ ሠራተኞችና ለሟች ቤተሰቦች የሚከፈል ከ5 ቢሊዮን ራንድ ያላነሰ የካሳ ስምምነት አጸደቀ። ካሳው ለብዙዎቹ የደረሰው ከመቃብር በኋላ ነው።

በተተዉት ጕድጓዶች ውስጥም ሥራ የሌላቸው ሰዎች፣ ብዙዎቹ ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶና ከዚምባብዌ የመጡ፣ ያለ ፈቃድ ገብተው የቀረውን ወርቅ ይቧጥጣሉ። በዙሉ ቋንቋ ዛማ ዛማ ይሏቸዋል፤ መሞከሩን የማይተው እንደ ማለት ነው። በጃንዋሪ 2025 ከስቲልፎንቴይን ከተማ አጠገብ ካለ የተተወ ጕድጓድ፣ ፖሊስ ምግብና ውሃ እንዳይወርድ ለወራት ካገደ በኋላ፣ የ78 ሰዎች አስከሬን ወጥቷል። አያቶቻቸው በውል ተመልምለው በወረዱበት ምድር ልጆቹ ያለ ውል ወርደው ሞቱ። ከምድር በታች ያለውን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም ወረቀት የላቸውም።

፰. ለእኛ ምን ትምህርት ይሆናል?

የዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ አንድ ነገር ያስረዳናል ብለን እናምናለን። ትምህርት ቤት ዕውቀት የሚሰጥበት ቤት ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳወቀ የሚመሰከርበት ቤትም ነው። ዕውቀትን ማንም ሰው በሥራው፣ በአባቱ እጅ ወይም በገዛ ስሕተቱ ሊያገኘው ይችላል። ምስክርነቱን ግን የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እንጀራውም ያለው ከምስክርነቱ ጋራ ነው። የጆሐንስበርግ ገዢዎች ይህን ቀድመው ተረድተውት ስለ ነበረ፣ ጥቁሩ ሥራውን እንዳያውቅ አልደከሙም፤ ቢያውቅማ ለእነርሱ ይጠቅማቸው ነበር። የደከሙት ማወቁ በወረቀት እንዳይጻፍ ነው።

እኛም ወረቀት ለመያዝ የተሰለፍን ሰዎች ነን። ዲግሪያችንን ይዘን ወደ ሥራ በምንሠማራበት ጊዜ፣ መሐንዲስ የሚሆነው ከግንበኛ፣ ሐኪም የሚሆነው ከአስታማሚ፣ የእርሻ ባለሙያ የሚሆነው ከገበሬ ጋራ ይገናኛል። በዚያን ጊዜ ከፊታችን የሚቆመው ሰው ከእኛ የበለጠ የሚያውቀው ብዙ ነገር ይኖራል፤ ደመወዙ ግን ከእኛ ያነሰ፣ ድምፁም ከእኛ የቀለለ ይሆናል። የእርሱን ዕውቀት ተቀብለን በስማችን ብንጽፈው ማንም አይከሰን ይሆናል። የጆሐንስበርግ ነጭ ፈንጂ አቀጣጣይም ማንም አልከሰሰውም ነበር። እርሱ ለ94 ዓመት የቆመው አጥር አንድ ካስማ መሆኑን ሳያውቅ ነው የኖረው፤ እኛ ግን ታሪኩን አንብበናልና አላወቅንም ልንል አንችልም።